የእድራችን ድንኳን ኳስ ሜዳ የገባ ዕለት

በንቲዬ፣ የልጅነቴ ባል፤

ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። የእኔን ልንገርህ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተለያየን እነሆ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። መስቀል አልፏል፣ ጭቃው ደርቋል፣ የሁሉቃ ወንዝ ውኃም ጠርቶ ሰው ልብስ ሊያጥብበት ወርዷል። ይህን ወቅት ከሁሉ አብልጠህ ትወደው ነበር፤ ምክንያቱን ደግሞ እኔና አንተ እናውቀዋለን። መስቀል ሲያልፍ ኳስ ይጀመራላ።

የቤታችንን ላስቀድም። ደጃፋችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ስትጓጓለት የኖርከው መንገድ አንተ ከሄድክ በኋላ መምጣቱ ያበሳጨኛል፤ ባጃጅ ሲያልፍበት የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ልጃችን ጫልቱ ጉደር ካምፓስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ይዛ እዚያው ቤት ተከራይታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች። መልኩ የአባቱ ነው፣ ግትርነቱ ግን ካንተ ነው የመጣው፤ ያገኘውን ሁሉ በእግሩ ይለጋል። ካፖርትህን ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ከዘራህንም ለሚያነክስ ሰው ሰጥቻለሁ። ከተቀመጠ ምስጥ ይበላዋል ብዬ ነውና እንዳትቀየመኝ። ሬዲዮህን ግን አልሰጠሁም። እሱን ሊነካ የሚያስብ ሰው እጁን ይሰብስብ።

ይህን ሁሉ ጫልቱ መቃብርህ ላይ ቆማ ነግራህ ይሆናል። እኔ ብዕር ያነሳሁት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ወሬውን ካንተ ደብቄ መያዝ አቃተኝ። ስታዲየማችን ውስጥ፣ ልክ ሜዳው አፍ ላይ፣ አሮጊትና ሽማግሌ ደረጃ ሳይወጣ ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ ተሠርቷል። ያሠራሁትም እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው አስካለ፣ ባለቤትህ። በሳቅ እንዳትሞት ልልህ አሰብኩና ተውኩት።

እኔና ኳስ እንዴት እንደነበርን ታውቃለህ። የሠርጋችን ሳምንት መልስ ተጠርተን እናቴ ቤት ተቀምጠን፣ አንተ ሬዲዮ ከጋቢህ ሥር ደብቀህ ጨዋታ ስትሰማ ተያዝክ። አባቴ ይሄ ልጅ ምን ነካው ሲል፣ ልቡን እየሰማ ነው ብዬ የሸፈንኩልህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ ምሳ አቅርቤ፣ አንተ ከወዳጅህ ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር ስለ አሰላለፍ ስትከራከር ወጡ በርዷል። ጤነኛ ሰው ሁሉ አንድ የተነፋ ቆዳ ተከትሎ ሲሯሯጥ ማየት ምኑ ደስ ይላል እልህ ነበር። አሁንም እላለሁ፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን የኔን ባል ከሚወደው ነገር የሲሚንቶ ደረጃ ሲከለክለው አርፋ የምትቀመጥ ሴት አላገባህም።

ድሮ ሜዳው አጥር አልነበረውም። እናንተ በዕድሜ የገፋችሁት የወደቁ የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ጎረምሳው ከኋላችሁ ይቆማል። ኳሷ ወጥታ እግርህ ሥር ከመጣች አንተ ራስህ መልሰህ ትለጋታለህ፤ ያን ቀን ታዲያ እራት ላይ የምትቀመጠው እንደ ተጫዋች ነው። ከዚያ ስታዲየም ይሠራ ተባለ። ሲሚንቶው ሲራገፍ፣ ብረቱ ሲታጠፍ፣ በየቀኑ እየሄድክ ትቆጣጠር ነበር፤ መሐንዲሱ እንኳ እንዳንተ አልተመላለሰም። ሲያልቅ እውነትም ያምር ነበር። ከተማችን ሰው ሆነች ብለህ ሰፈሩን ሁሉ ይዘህ ሄደህ አሳየህ።

አንድ ነገር ብቻ ረሱ። የሕዝቡ መግቢያ በጀርባ በኩል ሆነና፣ መቀመጫ ለማግኘት መደገፊያ የሌለውን ቀጥ ያለ ደረጃ እስከ አናቱ መውጣት፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ወንበሩ መውረድ ግድ ሆነ። ከሜዳው እኩል ለጥ ያለ ቦታ ነበረ፤ በመኪናው በር በቀላሉ ይገባበታል። እሱ ግን የክብር እንግዶች ተብሎ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ተደረደረበት። የክብር እንግዳ ደግሞ ስንቴ ነው የሚመጣው? ወንበሩ ባዶውን ፀሐይ ሲሞቅ፣ የሜዳውን ድንጋይ በእጃቸው የለቀሙት ሰዎች ደረጃው ሥር ቀሩ።

ያንተ ጉልበት በዚያው ሰሞን ማበጥ ጀመረ። አንድ እሑድ ስታዲየም ሄደህ ተመለስክ፤ እንዴት ነበር ስልህ ጥሩ ነበር፣ አሸነፍን አልከኝ። አመንኩህ። ከዚያም በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ከዘራህን ይዘህ ትወጣለህ፣ ሊመሽ ሲል ትመለሳለህ፣ ጎሉን ሁሉ ትተርክልኛለህ። ማን ከየት እንደመታው፣ በረኛው ወዴት እንደወደቀ ሳይቀር። እኔ ደግሞ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እሺ፣ እሺ እያልኩ እሰማሃለሁ። አይ በንቲ። እውነቱን የሰማሁት በሰልስትህ ዕለት ነው።

ኦቦ ዋቅጅራ ከጎኔ ተቀምጦ ነገረኝ። ያን እሑድ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጣህ፤ ከዚያ ጉልበትህ እንቢ አለ። መውጣትም መውረድም አቅቶህ መሃሉ ላይ ቁጭ አልክ፣ ሕዝቡም በላይህ እየተሻገረ አለፈ። በመጨረሻ ጎረምሶች ብብትህን ይዘው ተሸክመው አውርደው ደጅ አስቀመጡህ። ከዚያ ወዲያ ያን ደረጃ ዞረህ አላየኸውም። አንተና ዋቅጅራ ከግንቡ ውጭ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ኳስ ታዳምጡ ነበር። ጩኸቱ ረጅም ከሆነ ጎል ነው፤ ተጀምሮ በቁጭት ካለቀ ብረት መታች ማለት ነው፤ ፉጨት ከበዛ ዳኛው አጥፍቷል። በዚህም ላይ ትጣሉበታላችሁ። እሱ ቅጣት ምት ነው ይላል፣ አንተ የማዕዘን ነው ትላለህ፣ ፈራጅ የለም። የተረክልኝን ጎል ሁሉ አንዱንም አላየኸውም ነበር።

ነገሩ አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ሐዘን ላይ ተቀምጦ መናደድ ነውር ሆኖብኝ እንጂ፣ ያኔውኑ ተነስቼ የሚመለከተውን ሰው በያዝኩት ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ዋቅጅራ ብቻውን ቀረ። አንድ እሑድ ከቤተ ዘመድ ጉባኤ ስመለስ፣ ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ግንቡ አስጠግቶ አየሁት። በኦሮምኛ ሰላም ካልተባለ ቅር ይለዋልና አካም ጅርቱ አልኩት፣ ምን ላይ ደረሱ ብዬም ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ። ጆሮዬም እየከዳኝ ነው፣ ደግሞ የሚከራከረኝ ሰው ከሌለ ምኑን ልወቀው አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሐኪም ልብህ ደክሟል እንዳለው ነገረኝ። ከፋሲካ በኋላ የዋንጫው ፍጻሜ ከጊንጪ ጋር እዚሁ እኛ ሜዳ ላይ ሊደረግ ነው፤ ያን ጨዋታ በዓይኔ ካየሁ ፈጣሪን ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም አለ። ለምኖኝ አልነበረም፤ እንዲሁ ለራሱ እንደሚያወራ ነው ያለው። በቃ፣ ያን ጊዜ ነገሩ የእኔ ሆነ። አንተ ከአጥር ውጭ እንደቀረህ ሄደሃል፤ እሱ እንደዚያ አይሄድም አልኩ።

በማግስቱ ስታዲየሙ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ገመቹ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምረው መጨረሻ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደው የነበረው ልጅ። ቲቸር ብሎ ብድግ አለ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፤ በትሕትናው ምንም አይወጣለትም። ጉዳዬን ስነግረው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ፕሮቶኮል አለ፣ ስታንዳርድ አለ፣ በሚቀጥለው በጀት ይታያል አለ። ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ሆነው በሬዲዮ ቢከታተሉ ለጤናቸውም ይሻላል ብሎ መከረኝ። ታውቀኛለህ፣ ስናደድ ድምፄ ይቀንሳል። ድምፄን ቀንሼ፣ ገመቹ ልጄ፣ ያንተ ጉልበት ከምን የተሠራ ይመስልሃል አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቢደፋም የመኪናውን በር አልከፍትም አለ። ለአንድ ቀን አግዳሚ ላስገባ ብለውም፣ ያለ ፈቃድ አንዲት ወንበር አትገባም አለኝ። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ዋናው መንገድ ላይ ለቅሶ ነበር። የእድር ድንኳን አስፋልቱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። ከነቀምት የመጣ አይሱዙ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቴፑን አጥፍቶ፣ በአቧራው በኩል ዞሮ አለፈ። ትራፊክ ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ማን ፈቀደላችሁ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ካንተ በኋላ የእድራችን ዕቃ ክፍል ኃላፊ አድርገው እንደመረጡኝ አልነገርኩህም፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ትልልቁ ድስትም በእኔ ቁልፍ ሥር ነው።

ከዚያ በኋላ እግሬ አላረፈም። በየቤቱ እየገባሁ ኳስ የሚወድ፣ ደረጃ ግን የማይችል ማን እንዳለ ጠየቅኩ። አንተን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ተደብቋል። በወጣትነቱ የከተማችን በረኛ የነበረው፣ ያ መረብ የሚያክለው ሰውዬ፣ ስኳር እግሩን ወስዶበት አልጋው ላይ ተቀምጦ ዜና ይሰማል። ጤና ጣቢያ ነርስ የነበረችው ጎረቤታችን ልጇ ሲጫወት አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ለሁሉም አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፤ የጨዋታው ዕለት ልብሳችሁን ለብሳችሁ ጠብቁኝ።

በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ድንኳኑና አግዳሚው ለፍጻሜው ጨዋታ ሜዳ ይግባ ብዬ ሐሳቤን አቀረብኩ። የእድራችን ዳኛ አቶ ተክሌ መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ጠረጉት። ድንኳኑ የሐዘን ነው፣ ቢበዛ ለሠርግ ይወጣል፣ ለኳስ ወጥቶ አያውቅም አሉ። አንዲት ሴትዮ የለቅሶ አግዳሚ ሜዳ ከገባ ቡድናችን ይሸነፋል ብላ አማተበች። ክርክሩ ጦፈ። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከኋላ ዋቅጅራ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ።

አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀለ ነው የተናገረው። ይህን እድር ካቋቋሙት አንዱ ነኝ አለ። አግዳሚውን ሲያሠሩ እንጨቱን ከጫካ የጎተትነው እኔና በንቲ ነን። እኔ ስሞት እናንተ ትቀመጡበታላችሁ፣ ደግ ነው። በንቲ ሲሞትም ተቀምጣችሁበታል። ግን አንድ ቀን እንኳ እኔ ራሴ፣ ዓይኔ እያየ፣ ደስ ብሎኝ ብቀመጥበት ምን ይጎድልባችኋል አለ። ብሎ ተቀመጠ። አቶ ተክሌ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ በደንባችን ድንኳን የሚወጣው በአባል ስም ነው፣ ስለዚህ በኦቦ ዋቅጅራ ስም ይውጣ አሉ። የተቃወመ አልነበረም። ያማተበችውም ሴትዮ እጇን አወጣች።

ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጉተማ በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ ዘመድ ጥየቃ ደንዲ ሄዶ ነበር። የተመለሰው ለጨዋታው ዋዜማ ነው። የጨዋታው ዕለት ማለዳ አቶ ተክሌ አስጠሩትና የዋቅጅራ ድንኳን ይወጣል፣ ሰው ጥራ አሉት። ከዚህ በላይ ማብራራት ያስፈልገዋል ብለው አላሰቡም። ጉተማም ጥሩንባውን አንስቶ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚያደርገው በየመንደሩ ዞረ። የኦቦ ዋቅጅራ ድንኳን ወጥቷልና ውጡ እያለ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ከራሱ ደግሞ እንባ ጨምሮበት።

ሰፈሩ ተገለበጠ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ ወደ ዋቅጅራ ቤት ጎረፈ። እሱ ከሚጸልይበት ጸሎት ቤት መዘምራኑ ሳይቀሩ መጡ። እኔ ዕቃ ክፍሉን ከፍቼ አግዳሚ ስቆጥር ነው ጩኸቱን የሰማሁት። ዛሬን ሳያይ ሞተብኝ ብዬ በሩን ሳልዘጋ ሮጥኩ። ደጁ ስደርስ ዋቅጅራ በረንዳው ላይ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ሆኖ፣ ጺሙን ሲላጭ አገኘሁት። ግቢው ሞልቷል፤ ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል። ሙሾ የጀመረችው ሴት አፏን እንደከፈተች ቀርታለች። ጉተማ ጥሩንባውን ከኋላው ደብቆ ግንቡን ተደግፏል።

ዋቅጅራ ምላጩን አስቀመጠና ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሁሉንም አየ። ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው ብሎ ጠየቀ። አዎ አሉት። ፊቱን በፎጣ ጠረገ፣ ዓይኑንም አብሮ ጠረገ። ከዚያ፣ ከመጣችሁ አይቀር ተከተሉኝ፣ ወደ ኳስ ሜዳ ልሄድ ነው አለ።

በንቲዬ፣ እንዲህ ያለ ሰልፍ አምቦ አይታ አታውቅም። ከፊት ወንዶቹ የድንኳኑን ምሰሶና አግዳሚውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ቀጥሎ ዋቅጅራ በከዘራው፣ ከእሱ ኋላ እኔ በየቤቱ ያስጠበቅኳቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፤ በረኛውን በባጃጅ አስከተልነው። ከዚያ ነጠላውን ማቃናት የረሳ ለቀስተኛ ሁሉ። መኪና እየቆመ አሳለፈን። የስታዲየሙ ዘበኛ ከሩቅ ሲያየን ኮፍያውን አወለቀና፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ የመኪናውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ሐዘን ነው ብሎ ያሰበው እሱ ነው፤ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ድንኳኑ ለክብር እንግዶች በተተወው ቦታ ላይ፣ ከወንበሮቹ ፊት ተተከለ። ልጆቹ እጃቸው የለመደ ስለሆነ ጊዜም አልፈጀ።

ሜዳው ላይ ሲያሟሙቁ የነበሩት የጊንጪ ተጫዋቾች ድንኳኑን ሲያዩ ሩጫቸውን አቆሙ፣ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፉ። አሠልጣኛቸው በወግ ያደገ የጨዋ ልጅ ነው፤ ቡድኑን አስከትሎ መጥቶ፣ ፊተኛውን አግዳሚ ይዞ ለተቀመጠው ለዋቅጅራ እጁን ዘረጋና እግዚአብሔር ያጽናዎት አለው። ሟች ምንዎ ነበሩ ብሎም ጠየቀ። ዋቅጅራ ሳቁን ይዞ፣ ሟቹስ እኔ ነበርኩ፣ የእናንተን ሽንፈት ሳላይ አልሄድም ብዬ ቆየሁ አለው። አሠልጣኙ ሲገባው እንደ ልጅ ሳቀ። ተጫዋቾቹም ሁሉ ሳቁ፣ ከዚያም አንድ በአንድ የሽማግሌዎቹን ጉልበት እየሳሙ ተመለሱ።

ገመቹ እያለከለከ ደረሰ። መጀመሪያ፣ ቲቸር ማን ነው የሞተው ብሎ አቀፈኝ። ነገሩ ሲገባው ቀላ፣ ቀጥሎም ጠቆረ። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ ይነሳልኝ አለ። ያውልህ፣ አንሣው አልኩት። ዞሮ ሠራተኞቹን አየ። ሠራተኞቹ ሁሉ እድርተኞች ናቸው፤ አንዱም ከቆመበት አልነቃነቀም። የእድር ድንኳን ነቅሎ የጣለ ሰው፣ እናቱ በሞተች ቀን ማን ይደርስለታል? ገመቹም ይህንኑ አሰበ መሰለኝ፣ ላቡን እየጠረገ እንግዳ ሊቀበል ወደ በሩ ሄደ።

እንግዶቹም ቢሆኑ አገር ያሳደጋቸው ናቸው። ከመቀመጣቸው በፊት በሽማግሌዎቹ ፊት ጎንበስ እያሉ እጅ ነሥተው አለፉ። አንደኛው ሹም እናቱን ይዞ መጥቶ ነበር። እናትየዋ ጨርቅ የለበሰውን ወንበር አንድ ጊዜ አየችና ትታው እኛ አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ ጎን መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ስለ መነሳት ያነሳ ሰው አልነበረም።

ጨዋታው ተጀመረ። ቀድመው ያገቡት የጊንጪ ልጆች ናቸው። ያማተበችው ሴትዮ ከኋላዬ ሆና አላልኳችሁም ወይ አለች፤ ዞሬ ሳያት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዕረፍት በኋላ አቻ ሆንን። ያን ጊዜ አንድ ነገር አየሁ። ሕዝቡ መጮህ ሲጀምር ዋቅጅራ ዓይኑን ይጨፍናል። ስንት ዘመን በጆሮው ስለኖረ፣ ጩኸት ሲሰማ ዓይኑ በራሱ ይዘጋል። የመጀመሪያው ጎላችን እንዲሁ አመለጠው። ክንዱን ይዤ፣ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ዛሬ መሃል ላይ ግንብ የለም፣ ዓይንዎን ይክፈቱ አልኩት። ደነገጠ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳሷ በእኛ በኩል መጣች፤ ከቅርበቷ የተነሳ የእግራቸው ድምፅ ይሰማል። የነርሷ ልጅ ነው የያዛት። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ በግራ እግሩ መታት። ዋቅጅራ ክንዴን ጨምቆ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር። መረቡ ሲወጠር አየ። በዓይኑ አየ በንቲ። ሰው ሁሉ ሲዘል እሱ እንደተቀመጠ እንባው በተላጨው ጉንጩ ላይ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በንቲ ቢኖር በግራ እግሩ አይደለም በቀኙ ነው ብሎ ያደርቀኝ ነበር አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ ትላለህ? ተነስቼ እልል አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል አልኩ። ነርሷም እያለቀሰች እልል አለች፤ ለለቅሶ የመጣው ሴት ሁሉ ነጠላውን እያቃና ተከተለን። አሸነፍን። ዋንጫውን ለአምበሉ ሲሰጡት ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ መጣና፣ እግር በሌለው በረኛ ጭን ላይ አስቀመጠው። ሰውየው ዋንጫውን አቅፎ አልለቅም ብሎ እስኪመሽ አስጠበቀን።

ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃው ይብቃ ያላለ አልነበረም። ገመቹ ራሱ ቤቴ መጣ፤ ያን ጊዜ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። የሹሙ እናት ልጇን መግቢያ መውጫ ሳታሳጣው አልቀረችም፤ ሲሚንቶው ሳይታሰብ ተገኘ። ድንጋዩን ወጣቶቹ አመጡ፣ እድሩ ጉልበት ሰጠ። አሁን የመኪናው በር ጨዋታ ባለ ቁጥር ለሽማግሌ፣ ለአካል ጉዳተኛና ለነፍሰ ጡር ክፍት ነው። ከበሩ ተነስቶ እስከ መቀመጫው ድረስ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ለስላሳ መንገድ አለ፣ ዳርና ዳሩ የብረት መደገፊያ። መቀመጫው ጀርባ አለው። ብረቱ በክረምት እጅ ይበላል፣ ፕላስቲክ አልብሱት አልኳቸው፤ አለበሱት። ገመቹ ከሌላ ከተማ እንግዳ ሲመጣ ይህን ያሰብነው እኛ ነን እያለ ያስጎበኛል። ይበል፣ ተማሪዬ ነው። የጊንጪው አሠልጣኝም አገሩ ገብቶ የራሳቸውን እድር ዕረፍት ነሥቷል አሉ፤ እነሱም ከሜዳቸው ጎን ለሽማግሌዎቻቸው ዳስ ሠርተዋል። ከአዲስ ዓለም ደግሞ አረጋውያን ሚኒባስ ሞልተው መጥተው፣ ተቀምጠው ሞክረውት፣ እኛስ ከማን እናንሳለን ብለው ሄደዋል።

ዋቅጅራ አለልህ። ሐኪሙን ዋሾ አድርጎታል። ሰፈሩ ሁሉ ሟቹ እያለ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

መቀመጫው ሲመረቅ ከዋቅጅራ ጎን ያለውን ቦታ ያንተ ነው፣ ስሙ ይጻፍበትና ባዶ ይቀመጥ አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ቅር ያላቸው ነበሩ። ግን በንቲ፣ አንተን ደጅ ያስቀረህ ባዶ ወንበር አይደለም ወይ? ሰው ደጅ ቆሞ ወንበር ባዶውን ሲውል ማየት በቃኝ። ስለዚህ ጨዋታ በመጣ ቁጥር ያን ቦታ ለአንድ አዲስ ሰው እሰጠዋለሁ። ባለፈው እሑድ በሩ ላይ አንድ ከደንዲ የመጡ ሽማግሌ አየሁ። የልጅ ልጃቸው በእንግዳው ቡድን ይጫወታል፤ እሳቸው ግን ደረጃ ይኖራል ብለው ፈርተው፣ ከዘራቸውን ተክለው ከውጭ ቆመዋል። ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ዋቅጅራ ጎን ሲቀመጡ፣ የማን ቦታ ነው የወሰድኩት ብለው ጠየቁኝ። የእርስዎ ነው አልኳቸው። ዕረፍት ሳይደርስ እነሱ ሁለቱ ስለ ቅጣት ምት እየተጨቃጨቁ ነበር።

የማስታውስህ እንግዲህ በዚህ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳዬን በልቼ፣ ነጠላዬን አድርጌ እሄዳለሁ፤ ያንተን ቦታ ሰው ሳላስቀምጥበት ጨዋታ አይጀመርም። እስከ መቼ ብትለኝ፣ ጉልበቴ እስከቻለ አልልህም። ጉልበቴ ቢከዳኝም እገባለሁ፤ መግቢያው ደረጃ የለውም።

ያንተው አስካለ
አምቦ